ከትርዒት አዳራሽ እስከ ቸርችል ጎዳና

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጣችሁ ውላችሁ ለዚህ ምሽት ጊዜ የሰጣችሁ ሾፌሮች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ጋራዣችን መጣች። ገና አዲስ ናት፤ የወንበሯ ላስቲክ እንኳን አልተነሣም። ባለቤቷ ሜክሲኮ አካባቢ ውሃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው «ከሥር ጓ ያለ ነገር ሰማሁ» አሉኝ። በሊፍት አነሣናትና የእጅ መብራት ይዤ ከሥሯ ገባሁ። ከባትሪው በታች ያለው መከላከያ ብረት ክንድ በሚያህል ርዝመት ተፍቋል፤ የፍቁ መጨረሻ ላይ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ስርጉድ አለ። ባለቤቷ አጠገቤ ቆመው ፊቴን ያያሉ። እኔ ብረቱን እዳስሳለሁ። ባትሪው አልተነካም ነበር፤ ይህን ስነግራቸው ሰውየው እዚያው የጎማ ክምር ላይ ተቀመጡ።

ዛሬ ስለ ኮንሴፕት መኪኖች እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ስርጉድ ነው።

በነዳጅ መኪና ከሥር የሚመታው ብዙ ጊዜ ማርሚታው ወይም የዘይት መያዣው ነው። ማርሚታ ይበየዳል፣ የዘይት መያዣ ይቀየራል፤ ባለቤቱ ትንሽ ተናዶ በማግስቱ መኪናውን ይወስዳል። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ከሁሉም በታች የተነጠፈው ከሁሉም የሚወደደው ዕቃ፣ ባትሪው ነው። የአነስተኛ ኤስዩቪን፣ ማለትም ከመሬት ከፍ ብላ የተሠራች የቤት መኪናን፣ ከፍታ የመልክ ጉዳይ አድርገው የሚያዩ አሉ። ለአዲስ አበባ ሰው ያቺ ከፍታ የባትሪው ዋስትና ናት። እናም አንድ ኩባንያ በትርዒት አዳራሽ መብራት ሥር ከመሬት ከፍ ያለች፣ አጠር ያለች፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ መኪና ሲያሳይ፣ እኔ ቀለሟን አላይም። የማየው ከሆዷ እስከ ወለሉ ያለውን ርቀት ነው። ከዚያ አዳራሽ ወጥታ ፋብሪካ ስትገባ ያ ርቀት ይተርፍ ይሆን? ተስፋዬም ስጋቴም እዚያ ላይ ነው።

ለተማሪዎቹ ስል ኮንሴፕት መኪና ምን እንደሆነ ላስረዳ። አንድ ኩባንያ ወደፊት ልሠራ አስባለሁ የሚለውን መኪና፣ ሕዝቡ ምን እንደሚል ለመስማት፣ አንድ ወይም ሁለት አድርጎ በእጅ አሠርቶ የሚያቀርበው ነው። ቸርኬው ከልክ በላይ ትልቅ ይሆናል፤ በስፖኪዮ ፈንታ ትንሽ ካሜራ ይገጠማል፤ በሮቹ ያለ መሐል ምሰሶ ይከፈታሉ። ወደ ፋብሪካ ሲሄድ ሒሳብ ሠሪው ይመጣል፣ የግጭት ሙከራ ይመጣል፣ ከሌሎች ሞዴሎች ጋር በጋራ የሚሠራበት ሻንሲ ይመጣል። ብዙው ይቀራል። መቅረት ያለበትም አለ።

ራቭ ፎርን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ቶዮታ ይህችን መኪና በኮንሴፕትነት ያሳያት እ.ኤ.አ. በ1989 በቶኪዮ ትርዒት ነው፤ ለገበያ የወጣችው በ1994። አምስት ዓመት ፈጀ። ባለ ሦስት በሯ የመጀመሪያዋ ራቭ ፎር 3.7 ሜትር ገደማ ብቻ ነበረች፤ እንደ ጭነት መኪና በተለየ ሻንሲ ላይ ሳይሆን እንደ ቤት መኪና አካሏ አንድ ወጥ ሆኖ ስለ ተሠራች፣ ከፍ ብላም ለመንዳት ቀላል ነበረች። ከዚያ ወዲህ በየትውልዱ እያደገች ዛሬ 4.6 ሜትር ደርሳለች። እኔ በዚህ አዝናለሁ። መኪናው ሲያድግ የሰፈራችን ቅያስ አላደገም።

ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2017 በሻንጋይ አይዲ ክሮዝ ብሎ ያሳየው መኪና በ2020 አይዲ ፎር ሆኖ ወጣ። ዛሬ ማታ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ለገሃር እስክትደርሱ አንድ ሁለቱን ታገኛላችሁ። ተንሸራታች የኋላ በሮቹ በመንገድ ቀሩ፤ ዋናው ሐሳብ ግን ተረፈ። ኒሳን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በጄኔቫ ካዛና የተባለችውን አሳይቶ በዓመቱ ጁክ አድርጎ ሸጣት፤ ያ ለየት ያለው የፊት መብራቷ ሳይቀር አብሯት ወጣ። እነዚህን የምጠቅሰው የትርዒት መኪና ሕልም ሆኖ ይቀራል የሚሉትን ወዳጆቼን ለመመለስ ነው። አይቀርም፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ።

ያልወጣችም አለች፤ ልቤ ያለው እሷ ጋ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 በአንድ ቀን ካሳያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል ኮምፓክት ክሩዘር ኢቪ የምትባል ነበረች። ትከሻዋ ካሬ፣ የፊት መስታወቷ ቀጥ ያለ፤ የድሮውን ላንድ ክሩዘር የምታስታውስ ትንሽ መኪና። ላንድ ክሩዘር ለእኛ ምን እንደሆነ ለዚህ አዳራሽ መንገር አያስፈልገኝም፤ መንገድ በሌለበት ወረዳ ሐኪምም መምህርም ያደረሰ መኪና ነው። ያቺ ኮንሴፕት ግን እስከ ዛሬ በዚያ መልኳ ፋብሪካ አልገባችም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ላንድ ክሩዘር ኤፍጄ የተባለችው አነስተኛ መኪና ይፋ ስትሆን ልቤ ተነሥቶ ነበር፤ ሞተሯ 2.7 ሊትር ቤንዚን ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በሩ ለእሷ ዝግ ነው። መልኳ ደረሰ፣ የእኛ ሞተር አልደረሰም።

የእኛ ሞተር ስል በኩራት ነው። ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ያለ ተርቦ፣ ማለትም አየር ገፍቶ የሚያስገባለት መሣሪያ ሳይኖረው፣ የሚተነፍስ የቤንዚን ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከእንጦጦ ጋር የታገላችሁ ሾፌሮች ይህን በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለው ጉልበቱ እንጦጦም ላይ ያው ነው። ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ከፍሬኑ ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና ለእንዲህ ያለ መኪና የተሠራ ይመስላል። መብራቱም ከወንዛችን ነው፤ ሕዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

አሁን ተስፋ የሰጠችኝን ላንሣ። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ደልሂ አቅራቢያ ኢቪኤክስ ብሎ ያሳያት ኮንሴፕት 4.3 ሜትር ነበረች። ኢ ቪታራ ተብላ ስትወጣ 4.275 ሜትር ሆነች፤ በነሐሴ 2025 ጉጃራት ውስጥ ካለው ፋብሪካ መውጣት ጀመረች። አላበጠችም፣ አልተረዘመችም። ከመሬት ያላት ከፍታ 18 ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ 20 ቢሆን እመርጥ ነበር፤ ክረምት ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብዙ ነገር ናት። ሆኖም ኮንሴፕት ሳትበላሽ ወደ ምርት ልትደርስ እንደምትችል በዓይናችን አየን።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። እሑድ እሑድ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሳደርሳት፣ ዝቅ ካለችው መኪናዬ ለመውረድ አንድ እጇን በሩ ላይ፣ አንዱን ትከሻዬ ላይ አድርጋ «በስመ አብ» ብላ ነው የምትነሣው። ወንድሜ በቪታራው ሲያመጣት እግሯን ታወርድና ትቆማለች፤ በቃ። የወንበር ከፍታ በትርዒት አዳራሽ አይጨበጨብለትም። እንዲተርፍ ከምፈልጋቸው ነገሮች ግን አንዱ እሱ ነው።

ለአስመጪዎችና ለገጣጣሚዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥን ሲወስን ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ የሚገባውን ነጻ አድርጎታል። ተፈታትቶ የሚገባ መኪና እዚህ ሲገጠም እጃችን ይነካዋል። ጠንከር ያለ የሥር መከላከያ፣ ለኮረኮንች የሚሆን ሞላና አሞርዛተር ምረጡልን፤ ከኩባንያዎቹ ጋር ስትዋዋሉ ከፍታውን እንደ ዋጋው ተከራከሩበት። አዲስ ኮንሴፕት በወጣ ቁጥር ደግሞ ዝም አትበሉ። እነዚያ መኪኖች ለትርዒት የሚቀርቡት ሰው ሐሳቡን እንዲናገር ነው፤ የእኛ ከተማ ዳገቷን፣ ጉድጓዷንና ክረምቷን ይዛ ካልተናገረች ለሌላ ከተማ ተሠርተው ይመጡብናል።

ተማሪዎች፣ ያን መከላከያ ብረት ባለቤቷ ስለ ፈቀዱልኝ ይዤው መጥቻለሁ። መውጫው በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሜትርም አስቀምጫለሁ። ስትወጡ ስርጉዱን ለኩት፤ ከዚያ ውጭ ከቆሙት መኪኖች ሥር በርከክ ብላችሁ ከፍታቸውን ለኩና ጻፉልኝ። ነገ ጠዋት ጋራዥ ነኝ።

አመሰግናለሁ።