ዛፍ ላይ ይዘነው የምንወጣው ማሽን

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አረፈዳችሁ?

ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ ሥራ ትታችሁ እዚህ ኮተቤ ድረስ የመጣችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ሰሞን ሥራ ትቶ መምጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ስልካችሁ መጮህ ጀምሯል። «ዛፉ ጣሪያዬ ላይ ሊወድቅ ነው፣ ዛሬውኑ ድረሱልኝ» የሚለው ደንበኛ በጋውን ሙሉ ቀና ብሎ አላየውም። የመጀመሪያው ነፋስ ሲመጣ ግን እንቅልፍ ያጣል። እሱ ሳይደውል በፊት ስለ ማሽናችን፣ ማለትም ዛፍ ስለምንቆርጥበት ባለ ሞተር የሰንሰለት መጋዝ እናውራ።

አዘጋጆቹ ስለ ቼይንሶው አመራረጥና አያያዝ እንድናገር ጠይቀውኛል። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ገመድ ላይ ተንጠልጥዬ የምቆርጥ ሰው ነኝ። ስለዚህ ማሽኑን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ ላይ ከወጣሁ በኋላ ምን ያስደርገኛል? የዶለዶመ ሰንሰለት ያስገፋናል። ስንገፋ ሚዛናችንን እንስታለን። አልነሳ የሚል ማሽን ጉልበታችንን ይጨርሳል። አንዴ ከተነሳ ደግሞ «ዳግም አይነሳም» ብለን ሳናጠፋው ወገባችን ላይ እናንጠለጥለዋለን። የከበደ ማሽን ክንዳችንን ያዝላል፤ ክንድ ሲዝል ማሽኑ ወደ ፊታችን ይቀርባል። መጥፎ ማሽን ጎበዙን ሠራተኛ መጥፎ ልማድ ያስተምረዋል። ከዛፍ ላይ ስለወደቀ ሰው ስንሰማ «ተዘናግቶ ነው» እንላለን። እኔ ግን መጀመሪያ ማሽኑን አሳዩኝ እላለሁ።

ከምርጫው ልጀምር። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ያለን አንድ ማሽን ነው። ያም ግንድ ለመጣል የተገዛ ትልቅ ማሽን ነው። ስቲል የሚባለው ኩባንያ 381 ማሽን የሞተሩ መጠን ከ70 ሲሲ በላይ ነው። አሮጌው 070 ደግሞ ከ100 ሲሲ ያልፋል፤ ባሩ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ እና ሰንሰለቱ ሳይቆጠር ክብደቱ ከ10 ኪሎ በላይ ነው። መሬት ላይ እንደ እነሱ ያለ የለም። የእንጦጦን ወፍራም ባህር ዛፍ ሲበሉ ደስ ይላሉ። ዛፍ ላይ ግን የእነሱ ቦታ አይደለም። እጀታቸው ከኋላ ነው። ሁለት እጅና ከፊት ለፊትህ ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ቅርንጫፍ መሃል ያ ቦታ የለም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም። ፍሬን የሌለው ማሽን ይዞ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ካለ፣ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ላገኘው እፈልጋለሁ። ለመቆጣት አይደለም፤ ለመለመን ነው።

ለመውጣት የተሠራው እጀታው ከላይ የሆነው ትንሹ ማሽን ነው። ስቲል 201 ቲ 35 ሲሲ ነው። የሁስክቫርናው ቲ540 ወደ 38 ሲሲ ይጠጋል። ባርና ሰንሰለት ሳይገባበት ሁለቱም 4 ኪሎ አይሞሉም። ኤኮ የሚባለው ደግሞ 25 ሲሲ የሆነ በጣም ቀላል ማሽን አለው። ክብደታቸው እጀታው ሥር ስለሚሰበሰብ ጠባብ ቦታ ላይ በቀላሉ ይዞራሉ።

ጣጣቸውም እዚያው ላይ ነው። እጀታው ከላይ ስለሆነ በአንድ እጅ መያዝ ያምራል። ሁላችሁም አይታችኋል። አንድ እጅ ቅርንጫፉን ይይዛል፣ አንድ እጅ ይቆርጣል። የማሽኑ መመሪያ ራሱ ለሁለት እጅ ነው የሚለው። የባሩ ጫፍ የላይኛው ግማሽ እንጨት ከነካ ማሽኑ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊትህ ይወረወራል። በሁለት እጅ የያዘ ሰው ያንን የመቋቋም እድል አለው። ማሽኑ ሲወረወር ከፊተኛው እጀታ ላይ ያለው የግራ እጁ አንጓ ፍሬኑን ይገፋዋል። ግራ እጁ ቅርንጫፍ ላይ የነበረ ሰው ግን ምኑ ፍሬኑን ይነካለታል?

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። ይሄ በየትኛውም ካታሎግ ላይ በትልቁ አልተጻፈም፤ እኛን ግን በየቀኑ ይመለከተናል። ከፍታው ነው።

አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር እናልፋለን። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ባህር ዳርቻ ካለው አየር ወደ ሩብ የሚጠጋው የለም። ሞተር ደግሞ የሚሠራው በአየር ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ 35 ሲሲ የሚለው ማሽን እኛ ጋ የሚያወጣው ጉልበት ወደ 26 ሲሲ የወረደ ያህል ነው። ሥጋ ቤት ሂደህ ኪሎ ከፍለህ ሦስት ሩብ እንደመቀበል ነው። ገበያ ላይ ስም የሌላቸው 25 ሲሲ ርካሽ ማሽኖች አሉ። እንጦጦ ላይ ስንት እንደሚቀራቸው እናንተው አስሉት።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በትንሽ ማሽን ላይ ረጅም ባር አትጫኑ። 14 ኢንች ይቀበላል ቢባልም 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃችኋል። ባሩ ሲያጥር ሰንሰለቱ ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ ጫፉም የት እንዳለ ሁልጊዜ ታያላችሁ። ወፍራሙን ግንድ ከታች ለትልቁ ማሽን ተዉለት።

ሁለተኛው አየርና ቤንዚን የሚያደባልቀው ካርቡራተር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፋብሪካው ለዝቅተኛ ቦታ ያስተካከለው ማሽን እኛ ጋ ሲመጣ አየሩ ያንሰዋል፤ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ይጨሳል፣ ካንዴላው ይረጥባል፣ ይጠቁራል፣ ጋዝ ስትሰጡት ይንተፋተፋል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ማሽኑ ፎርጅድ ነው» ይላል። ማሽኑ ላይ ችግር ላይኖር ይችላል። የሚያስፈልገው ካቻቢቴ ነው።

ከማስተካከላችሁ በፊት ግን ዲፕራቶሩን፣ ማለትም የአየር ማጣሪያውን፣ አጽዱ፤ ሰንሰለቱን ሳሉ፤ ሞተሩን አሙቁ። በቆሸሸ ዲፕራቶር የተስተካከለ ካርቡራተር ቆሻሻውን ስታነሱ ተመልሶ ይዛባል። መጀመሪያ ኤል የተጻፈበትን የዝቅተኛ ፍጥነት ቡሎን አስተካክሉ። ሞተሩ ያለ ጋዝ ሳይንገራገጭ ይሥራ፤ ጋዝ ሲሰጠውም ሳያመነታ ይነሳ። ቀጥሎ ሚኒሞውን፣ ማለትም ሞተሩ ያለ ጋዝ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ አውርዱ፤ ጋዝ ሳትነኩ ሰንሰለቱ መዞር የለበትም። በመጨረሻ ኤች የተጻፈበት የከፍተኛው ፍጥነት ነው። ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ እንጨት ሳይነካ ትንሽ የመንተባተብ ድምፅ ይኑረው። እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይጥራ። ልክ ይሄ ነው።

ችግሩ ጩኸት እንወዳለን። ቡሎኑ ወደ ቀኝ ሲጠብቅ ማሽኑ ይጮሃል፣ ጎበዝ ይመስላል። እውነቱ ግን ነዳጁ ቀጥኗል ማለት ነው። በቱ ስትሮክ ሞተር ዘይቱ የሚገባው ከነዳጁ ጋር ነው። ነዳጁ ሲቀጥን ዘይቱም ያንሳል፤ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ይጣበቃል። እንጦጦ ላይ በደንብ የተስተካከለ ማሽን ይዛችሁ አዳማ ለሥራ ስትወርዱ ይሄ በራሱ ይመጣል። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ የእኛ ልክ ለዚያ ቀጭን ይሆናል። ወርዳችሁ ሳታስተካክሉ ሙሉ ቀን ከሠራችሁ ፒስተንና ፋሻ፣ ማለትም የፒስተን ቀለበት፣ ፍለጋ ሜርካቶ ትዞራላችሁ። አዳዲሶቹ ስቲልና ሁስክቫርና ይህንን በኤሌክትሮኒክስ ራሳቸው የሚያስተካክሉ አሏቸው። ከፍታ ለሚለዋውጥ ሰው ጥሩ ናቸው። ሲበላሹ ግን ካቻቢቴ አይፈታቸውም፤ የሚያነብ መሣሪያ ያለው ባለሙያ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትግዙ።

ስለ ባትሪው ማሽን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ለባትሪ ማሽን ከፍታ ምንም አይደለም፤ አየር አይጠጣም። ገመድ መሳብ የለም፤ ጣትህን ስታነሳ ጸጥ ይላል። ከታች ያለው ጓደኛህ የምትለውን ይሰማል። ለመግረዝ ሥራ እኔ ብትሰጡኝ እሱን ነው የምወስደው። ግን አንድ ባትሪ ቀኑን አያውልም። ዋጋውም ዋጋ ነው፤ መብራት ደግሞ የምታውቁት ነው። በማህበር ለተደራጁ አንዱን በጋራ መግዛት ያዋጣ ይሆናል።

ሰንሰለት። ሹል ሰንሰለት ወፍራም ፍርፋሪ ይተፋል። የዶለዶመ ዱቄት ያበናል። ዱቄት ካያችሁ ውረዱ። ለትንንሾቹ ማሽኖች በብዛት የሚሆነው 4 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ነው። ለትልቁ ማሽን የገዛችሁትን ወፍራም ሞረድ እዚህ ላይ አትጠቀሙ፤ የጥርሱን ቅርጽ ያበላሸዋል። ሞረዱን ወደ ፊት ብቻ ግፉ፤ 30 ዲግሪ ያዙ፤ የግራና የቀኝ ጥርሶች ርዝመታቸው እኩል ይሁን። አንዱ ወገን ካጠረ ማሽኑ ጠምዝዞ ይቆርጣል። ከጥርሱ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ሁላችንም እንረሳታለን። ከጥርሱ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለባት። ከዚያ በላይ ዝቅ ካደረጋችኋት ሰንሰለቱ እንጨቱን እየነከሰ ይወረወራል። «አሪፍ ይበላል» ብሎ እሷን የሚሞርድ ሰው አውቃለሁ፤ እሱ በሚወጣበት ዛፍ ሥር አልቆምም።

የግቢ ዛፍ ላይ ስትወጡ ደግሞ ግንዱን በእጃችሁ ዳስሱ። «የሚከራይ ቤት» የተለጠፈበት ሚስማር፣ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ ዛፉ የዋጠው የአጥር ሽቦ፣ ሁሉም አለ። አንድ ሚስማር የግማሽ ቀን ስለት ይጨርሳል። የተሳለ መለዋወጫ ሰንሰለት ኪሳችሁ ይኑር፤ የምትቀይሩት ግን መሬት ላይ ነው።

ማታ ሰንሰለቱን ላላ አድርጉት። ሲሞቅ ይረዝማል፤ ያን ጊዜ አጥብቃችሁት ካደረ በእንጦጦ ብርድ ሲኮማተር ባሩንና የሞተሩን ዘንግ ይጎትታል። ባሩን በየጊዜው ገልብጡት፤ ቦዩን ጥረጉ።

ስለ ዘይት የምናገረው ብዙዎቻችሁን ላያስደስት ይችላል። የተቃጠለ ዘይት ለሰንሰለት አትጠቀሙ። ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ፤ ጋራዡ በነጻም ይሰጣል። ግን ውስጡ የብረት ደቃቅና ለቆዳ መርዝ የሆነ ነገር አለ። ማሽኑ ይረጨዋል። እጃችሁ ላይ፣ ፊታችሁ ላይ፣ ከሥር የባለቤትየዋ ጎመን ላይ ያርፋል። ውጭ አገር ከዕፅዋት የተሠራ ዘይት የሚጠቀሙ አሉ። የምግብ ዘይት ዋጋ እያወቅን ይህን ቤት ብናወራ ራት አይቀርብልንም። አዲስ የሞተር ዘይት ይሻላል። ዘይቱ መውጣቱን ለማየት የባሩን ጫፍ ንጹህ ካርቶን ላይ ሳታስነኩ ጋዝ ስጡት፤ የዘይት መስመር መታየት አለበት።

ነዳጁ በ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ነው። የመኪና ዘይት አይሆንም። በሃይላንድ ክዳን እየገመታችሁ አታፍስሱ፤ ለኩ። ከወር በላይ የቆየ ድብልቅ ለጠዋት ማስነሻ ችግር አንዱ ምክንያት ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ማሽኑ መሬት ላይ ይሞቅ። ሙሉ ጋዝ ስጡትና ፍሬኑን በአንጓችሁ ግፉት፤ ሰንሰለቱ ወዲያው ቀጥ ካላለ ማሽኑ ዛሬ አይወጣም። ጠፍቶ፣ ፍሬኑ ተይዞ በገመድ ይሳብ። ላይ ስታስነሱትም ፍሬኑ ይያዝ። ማሽን በተነሳ ቁጥር ሁለት ቦታ ታሰሩ፤ አንዱ የመውጫው ገመድ፣ ሌላው ግንዱን የሚዞረው መሃሉ ሽቦ ያለው ገመድ። ማሽኑን ወገባችሁ ላይ የምታንጠለጥሉበት ማሰሪያ ደግሞ ከባድ ነገር ሲጎትተው የሚበጠስ ይሁን። በቃጫ ገመድ አታንጠልጥሉት። የሚወድቀው ቅርንጫፍ ማሽኑን ቢነክስ ቃጫው አይበጠስም፤ አብራችሁ ትወርዳላችሁ።

ገመድ የምትይዙ ወንድሞች፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። ባህር ዛፍ በተቆረጠበት ቅጠልና ጭራሮ የሚሰበስቡ እናቶችና እህቶች ይመጣሉ። እንጀራቸው ነው፤ አታባርሯቸው። ከላይ ያለው ሰው ግን በማሽን ጩኸት አይሰማም፤ ቅጠል ውስጥ ሆኖም አያያቸውም። ስለዚህ መስመር አስምሩ። «ሦስት ቅርንጫፍ ከወረደ በኋላ ማሽኑ ይጠፋል፣ ያኔ ትገባላችሁ» በሏቸው፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። ሲያምኗችሁ ይጠብቃሉ።

ሻይ ከጠጣን በኋላ ግቢ እንወጣለን። ማሽን ያመጣችሁ በፍሬን ፍተሻ እንጀምራለን። ከዚያ ካርቡራተር። የካንዴላ መፍቻና ቀጭን ካቻቢቴ ያላችሁ ከፊት ኑልኝ፤ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ ሞረድ ለሁሉም ስለማይበቃ በተራ ነው። 070 ያመጣችሁ አባቶችም ኑ፤ እሱን ከመሬት ሳናነሳ እናየዋለን።

አመሰግናለሁ።