የላሟን ጆሮ ገልጦ ማየት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከየወረዳውና ከየቀበሌው የመጣችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

በዚህች ጠርሙስ ልጀምር። ከኋላ ላላችሁ ልንገራችሁ፤ የአውራ ጣት ያህል ናት። ውስጧ አልኮል አለ። አልኮሉ ውስጥ ሰባት መዥገሮችና አንዲት ቁራጭ ወረቀት አሉ። ወረቀቷ ላይ ቀበሌው፣ ቀኑ፣ የላሟ ዕድሜ፣ መዥገሮቹ ከየትኛው የአካሏ ክፍል እንደተነቀሉ ተጽፏል። የተጻፈው በእርሳስ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን በእስክሪብቶ ጽፌ አንድ ካርቶን ሙሉ ናሙና ልኬ ነበር። ላቦራቶሪ ሲደርስ አልኮሉ ቀለሙን አጥቦት ወረቀቶቹ ሁሉ ባዶ ሆነው ተገኙ። መዥገሮቹ ደህና ነበሩ፤ ከየት እንደመጡ ግን የሚያውቅ አልነበረም። የስንት ቀን መንገድ፣ የስንት አርብቶ አደር ትዕግሥት በከንቱ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እዚህ ጋምቤላ በመዥገር የሚተላለፍ በሽታ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ባቤሲያን ታውቁታላችሁ፤ የከብቱን ሽንት ቡና የሚያስመስለው ነው። አናፕላስማም አለ። እሱ እንኳ ባክቴሪያ ነው፤ ግን የሚያመጣው ያው መዥገር ስለሆነ አብረን እንከታተለዋለን። ያ ጀርባው የሚያብለጨልጨው ትልቁ መዥገር የሚያዛምተው ታይሌሪያ ሙታንስም አለ። የአገራችን ከብት እነዚህን በጥጃነቱ ይለማመዳቸዋል። ይነከሳል፣ ትንሽ ያተኩሰዋል፣ ድኖ ያድጋል። ደሙን ብንመረምር ተውሳኩን እናገኛለን፤ ላሟ ግን ትግጣለች፣ ትታለባለች። ስለዚህ ላቦራቶሪው «ተገኝቷል» ብሎ ሲጽፍ አትደንግጡ። የምትጎዳው ከከተማ ተገዝታ የምትመጣው ዲቃላ ላም ናት። ሰውነቷ በሽታውን አያውቀውም።

ዛሬ ከሁሉ በላይ ላወራችሁ የመጣሁት ግን በአገራችን ሰፍሮ ስለማይታወቅ በሽታ ነው። ኢስት ኮስት ፊቨር ይባላል። ተውሳኩ ታይሌሪያ ፓርቫ ነው፤ የሚያስተላልፈው ደግሞ ቡናማው የጆሮ መዥገር። በኬንያ አለ፣ በደቡብ ሱዳን አለ። ተውሳኩ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሕዋሱን እንደ ካንሰር ያባዛዋል። መጀመሪያ ከላሟ ጆሮ ሥር ያለው ንፍፊት ያብጣል። ትኩሳት ይከተላል። ከዚያ ሳንባዋ ውሃ ይቋጥራል። ትንፋሽ ያጥራታል፣ በአፍንጫዋ አረፋ ይወጣል። መንጋው በሽታውን ካልለመደው፣ ከታመሙት የሚተርፉት ጥቂት ናቸው።

ይህ በሽታ በእግሩ ይሄዳል፤ በከብት እግር። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ የደቡብ አፍሪካን ከብት ፈጀ። ሰው የጎደለበትን ለመተካት ከምሥራቅ አፍሪካ ከብት በመርከብ አስመጣ። ከከብቱ ጋር ኢስት ኮስት ፊቨር ገባ፤ 1902 አካባቢ መሆኑ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከብት ሞተ። ለማጥፋት ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀባቸው። ቅርባችንም ያው ሆኗል። በደቡብ ሱዳን ጦርነት የቦር ሰዎች ከብታቸውን ይዘው ወደ ኢኳቶሪያ ተሰደዱ። ከብቱ ሲመለስ በሽታው አብሮ ወደ ጆንግሌ ወጣ። ጆንግሌ ጎረቤታችን ነው።

እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በበጋ መንጋው ወደ ባሮና ወደ አኮቦ ዳርቻ ይወርዳል። ዘመድ ወዲያና ወዲህ ነው። ለጥሎሽ ከብት ይሻገራል። ከብቱ አይሻገር የሚል ሰው አኗኗራችሁን አያውቅም፤ እኔም አልልም። የምለው ሲሻገር ጆሮውን እንይ ነው። መዥገሩ እንደተጣበቀ ወዲያው በሽታውን አያስተላልፍም፤ ጥቂት ቀናት ይወስድበታል። እነዚያ ቀናት የእኛ ናቸው። ከብቱ በገባበት ቀን ጆሮውን ውስጥና ውጭ በጣታችሁ ዳብሱ። ቡናማ መዥገር ካገኛችሁ ንቀሉና ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱት። በዓይን ብቻ ለመለየት አትሞክሩ፤ እኛው ዘንድ የሚኖሩ ተመሳሳዮች አሉት።

ባለሙያዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። የጆሮ ሥር ንፍፊቷ ያበጠ ላም ስታዩ ኦክሲ የሚባለውን የተለመደ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ወግቶ መሄድ አይበቃም። ከንፍፊቱ በመርፌ ናሙና ውሰዱ፣ ስላይድ ላይ ዘርጉት፣ አድርቁት። በጊምሳ ሲቀለም በነጩ ሕዋስ ውስጥ የተውሳኩ ክምችት ሰማያዊ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ለዚህ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ማረጋገጫው ሰበታ ወዳለው የአገሪቱ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ጥርጣሬው ግን ከእናንተ መጀመር አለበት።

ምንም ካላገኛችሁም ጻፉ። «40 ከብት አየሁ፣ አላገኘሁም» የሚል ሪፖርት ባዶ ሪፖርት አይደለም። አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት፣ በእኛ አቆጣጠር የ1880ዎቹ ረሃብ፣ ደስታ በሽታ በሬውን ጨርሶት የመጣ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2008 ከደስታ ነፃ መሆኗ ሲታወቅላት፣ ክትባት ብቻውን አላበቃትም። ክትባቱ ከቆመ በኋላ ባለሙያዎች ከመንጋ መንጋ እየዞሩ በሽታውን ፈልገው አጥተውታል። ደም ቀድተዋል፣ አርብቶ አደሩን ጠይቀዋል። ሳይፈልጉ «የለም» ማለት ግን ግምት ነው።

ቅሬታችሁንም ሳልጠቅስ አላልፍም። አንድ አባት ባለፈው እንዲህ አሉኝ፦ «ደም ትወስዳላችሁ፣ መልስ አታመጡም። ደሙን የት ነው የምታደርሱት?» ልክ ናቸው። ለስንት ዓመት ናሙና ወስደናል፤ ውጤቱ መዝገብ ላይ ቀርቷል። ሰው ላሙን አስሮ፣ ልጁን ቀንድ አስይዞ ካገዘን በኋላ ምን እንደተገኘ ካልሰማ በሚቀጥለው ለምን ያግዘን? ከአሁን በኋላ ናሙና የወሰደ ሰው መልሱን ይዞ በዚያው በረት ይመለስ። ውጤቱ «ምንም የለም» ቢሆንም ይመለስ። እኔም ከዚህ ወር ጀምሮ የወሰድኳቸውን ውጤቶች እየዞርኩ አደርሳለሁ። ከቀረሁባችሁ ስልኬን ታውቁታላችሁ፣ ደውሉ።

ጠርሙሶቹ በሩ አጠገብ ባለው ካርቶን ውስጥ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቀበሌ አሥር አሥር ደርሷል። ወረቀቱ ተቆርጧል፣ እርሳሱም ተቀርጿል። ስትወጡ ውሰዱ። ከሰዓት በኋላ እዚሁ ግቢ ሁለት ላሞች ስለሚመጡልን፣ ከጆሮ እንጀምራለን።