ሕፃኑ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ፣ እናቱስ የት ትግባ?

(ምስል፦ ሁለት ባለ ጎማ አልጋዎች። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይሄዳል።)

ምጡ በ30ኛው ሳምንት መጣ። ሕፃኑ ተወለደ፤ ቀጭን ድምፅ አሰማ። ነርሶቹ ወዲያው ይዘውት ሄዱ። እናቱ ወደ መኝታ ክፍሏ ተመለሰች። ባዶ እጇን።

ዛሬ ስለነዚህ ሁለት አልጋዎች እናውራ። ለምን ተለያዩ? መለያየትስ ነበረባቸው?

መጀመሪያ ሕፃኑ። 37 ሳምንት ሳይሞላው ከመጣ ያለ ጊዜው ተወለደ እንላለን። ሲወለድ ታፍኖ የነበረ፣ ኢንፌክሽን የያዘው ወይም ከልብ ችግር ጋር የተወለደ ሕፃንም ልዩ ክትትል ይፈልጋል። ያለ ጊዜው የመጣው ግን ትንሽ መሆኑ ብቻ አይደለም ጣጣው። ሰውነቱ ገና ሥራውን አልጨረሰም።

(ምስል፦ የሳንባ የአየር ከረጢቶች ሲነፉና ሲጣበቁ።)

ሳንባውን እንይ። ስንተነፍስ የአየር ከረጢቶቻችን ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚያደርግ ሰርፋክታንት የሚባል ነገር አለ። እሱ ጋ ገና አልበቃም። አዲስ ፊኛ ስትነፉ የመጀመሪያው ትንፋሽ እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ለዚህ ሕፃን እያንዳንዱ ትንፋሽ እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት ተኩል ቀደም ብሎ ተወለደ። በዚሁ ችግር ሁለት ቀን ሳይሞላው ሞተ። ሥልጣንም ገንዘብም አልረዳም፤ ሕክምናው ገና አልነበረም። ዛሬ ሰርፋክታንቱ ራሱ በመድኃኒት መልክ ይሰጣል። በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ሳንባውን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያም አለ።

መተንፈስ የሚረሳበት ጊዜም አለ። መድኃኒቱ ካፌይን ነው። አዎ፣ ያው ቡና ውስጥ ያለው! በሐኪም ልክ ይሰጠዋል።

ሌላው ብርድ ነው። ቆዳው ስስ ነው፣ ስቡም ትንሽ። ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ከበረደው ስኳሩ ይወርዳል፤ ትንፋሹም ይባስ ይከብዳል። ለዚህ ነው ማሞቂያ ውስጥ የሚገባው። እናትና ልጅን የለያየውም ይኸው ሳጥን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ማሞቂያ አጠረው። ሕፃናቱ እየተደራረቡ ይተኛሉ፣ ኢንፌክሽንም ይጋባሉ። ታዲያ ሕፃናቱን እናቶቻቸው ደረት ላይ አደረጋቸው። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው እንዲህ ተጀመረ። ብዙዎች ለረጅም ጊዜ መሣሪያ ላጣ ሰው የሚሆን መላ አድርገው ነው ያዩት። ተሳስተዋል።

(ምስል፦ ሁለቱ አልጋዎች አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጎን ለጎን።)

በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተሠራ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። ሐኪሞቹ ሁለቱን አልጋ አንድ ክፍል አስገቡ። ሕፃኑ እስኪረጋጋ አልጠበቁም። ከተወለደ ጀምሮ እናቱ ደረት ላይ ሆኖ ነው ሕክምናውን የወሰደው። እስኪረጋጉ ማሞቂያ ከቆዩት ውስጥ ከ100 ወደ 16 የሚጠጉት በመጀመሪያው ወር ሞቱ፤ ደረት ላይ ከዋሉት ግን 12 ገደማ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበረ ጥናቱ ካሰቡት ቀድሞ ቆመ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ምክሩን ቀየረ፦ ከተወለደ ጀምሮ ደረት ላይ፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ይደረግለታል። በጡቶቿ መካከል ቀጥ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ፣ በጨርቅ ይታሰራል። እናት ከደከማት አባት ይረከባል። አባትም ይሞቃል።

ማቀፍ የማይቻልበት ቀንስ? እጃችሁን ታጥባችሁ አንዱን መዳፍ ራሱ ላይ፣ ሌላውን እግሩ ላይ አሳርፉ። አታሻሹት። ማሻሸት ያስደነግጠዋል፤ ዝም ያለ እጅ ግን ያረጋጋዋል።

ጡት የመሳብ፣ የመዋጥና የመተንፈስ ቅንጅቱ እስከ 34ኛው ሳምንት አካባቢ አይጠናም። እስከዚያ የእናቱ ወተት በቱቦ ይገባል። የመጀመሪያዋ እንገር ጠብታ ብትሆን እንኳ አትጣል። አንጀቱን የምትጠብቅለት እሷ ናት።

አሁን ወደ እናቲቱ። ማታ ማታ "ከባድ ነገር አንስቼ ይሆን?" ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም፤ የእሷ ጥፋትም አይደለም። ይህን አንዴ መንገር አይበቃም። ሐኪሙም ባሏም ደጋግመው ይንገሯት። ጠያቂ ደግሞ ሊያጽናና መጥቶ "ዋናው አንቺ መትረፍሽ ነው፣ ሌላ ትወልጃለሽ" ይላል። ኧረ ተው! ልጇ እኮ በሕይወት አለ። "እንኳን ደስ ያለሽ" በሏት። ብዙ ሰው ፈርቶ ይህችን ቃል ይዘላታል። ስሙ ከወጣለት በስሙ ጥሩት። ልብስ እጠቡላት፣ ትልቁን ልጅ ያዙላት። በሁለት ክፍል መካከል የሚመላለሰውን አባትም "አንተስ እንዴት ነህ?" ማለት አትርሱ። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ካልለቀቃት ወይም ካልለቀቀው ሐኪም ያማክሩ።

ቤት ከገባም በኋላ ጡት እምቢ ካለ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል።

አንድ ነገር ቀረ፦ ዕድሜው። ሁለት ወር ቀድሞ የመጣ ልጅ ስምንት ወር ሲሞላው፣ ዕድገቱ የሚለካው እንደ ስድስት ወር ልጅ ነው። ሐኪሞች እስከ ሁለት ዓመት እንዲህ ይቆጥሩለታል። ስለዚህ አንዱ መጥቶ "በስምንት ወሩ አልተቀመጠም እንዴ?" ካለ፣ "ስድስቱ ነው" ማለት ይቻላል። ውሸት አይሆንም።