ቡፌው ላይ የቆመው ካውያ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ቅራቅንቦ ነው። ቆጥ ላይ፣ አልጋ ስር፣ ከጓዳው በር ጀርባ ስለሚከማቸው፣ እናት «አንድ ቀን ይፈለጋል» ብላ የምታስቀምጠው፣ ልጆች ደግሞ «ኧረ በናትሽ ለቆራሌው ስጪው» ስለሚሏት ዕቃ። እኔ አውጥቼ ሳሎን ደርድሬዋለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የእኛ ሰው ዕቃ ለዓይን ማስቀመጥ ድሮም ያውቅበታል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቡፌ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የመስታወት በሩ ተቆልፏል፣ ውስጡ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎች አሉ፣ ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ ሲኒዎች፣ የሸክላ ውሻ፣ የላስቲክ አበባ፣ መሃል ላይ ደግሞ ጋውን የለበሰ የተመረቀ ልጅ ፎቶ። ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ ሬዲዮው ላይ ዳንቴል። በጣም እወደዋለሁ፣ ያደግኩበት ነው። ግን ቡፌ የሚያሳየው የተገዛውንና ያልተነካውን ነው። ቤቱን ቀጥ አድርጎ ያቆመው ዕቃ ኩሽና ውስጥ ጭስ ሲጠጣ ነው የኖረው። ስለዚህ ብርጭቆዎቹን ወደ ኩሽና ላክኳቸው፣ አሁን ውሃ እንጠጣባቸዋለን፣ ቦታቸውን ለነዚያ ሰጠሁ።

መጀመሪያ የወጣው የአያቴ የከሰል ካውያ ነው። ይከብዳል፣ በአንድ እጅ ስታነሱት ክንዳችሁ ይንቀጠቀጣል። ክዳኑ ከኋላ በማጠፊያ ይከፈታል፣ ከፊት መቆለፊያው ላይ ትንሽ የብረት ዶሮ ቆሟል፣ ጭራው ተሰብሯል። ጎንና ጎኑ ላይ የአየር ቀዳዳዎች አሉ። የእንጨት እጀታው አንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሏል፣ አውራ ጣቷ ታርፍበት የነበረው እዚያ ነው። አሠራሩን ለማታውቁ፣ ፍም ትሞሉታላችሁ፣ ውጭ ወጥታችሁ ፍሙ እንዲቀላ ወዲያ ወዲህ ታወዛውዙታላችሁ፣ ከዚያ ታቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ፣ ልብሱ ላይም ሌላ ጨርቅ ደርባችሁ ትተኩሳላችሁ፤ ካልደረባችሁ አመዱ ብን ይልና ነጩ ሸሚዝ ላይ ያርፋል። አያቴ የሰው ልብስ እየተኮሰች ነው ልጆቿን ያሳደገችው። አርብ ማታ የሠርገኛ ሱፍ፣ እሑድ ማታ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። ውስጡ ዛሬም አመድ አለ። ቤት የሚመጣ ሰው «ጥቁር ቀለም ብትቀቢው እኮ ያምራል» ይለኛል። አልቀባውም። አመዱንም አልደፋውም።

ይህ ሁሉ ዕቃ ባይወጣ ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር ታውቃላችሁ። ቆራሌው ማዳበሪያውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውን፣ የተሰበረውን የአልጋ ብረት ተደራድሮ ይወስዳል፣ ከዚያ መርካቶ ምናለሽ ተራ። ያላያችሁት ካላችሁ ሂዱና እዩት። በርሜል ተቀዶ፣ ተዘርግቶ፣ እየተቀጠቀጠ በር ይሆናል። የዘይት ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። የተጣመመ ምስማር በመዶሻ ተቃንቶ እንደገና ይሸጣል። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ነው የሚሰማው። እዚያ የሚሠሩትን ሰዎች ከልቤ አከብራቸዋለሁ፣ ይህች ከተማ የተጣለ ዕቃዋን ስታድስ የኖረችው በእነሱ እጅ ነው። ስለዚህ ለቆራሌው አትስጡ አልልም። ስጡ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፦ ካውያው ሲሄድ፣ በዚያ ካውያ ማን ምን አድርጎ እንደነበር ሳይነገር አብሮ ይሄዳል።

ከመርካቶ በሚገኝ ነገር ተአምር የሚሠራ ሰው ደግሞ አለን። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፎች ይሰበስባል፣ ሽቦውን በእጅ እየጎነጎነ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ያደርገዋል። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን ላይ ቁልቁል ያየነው የእርሻ መሬት ይመስላል፣ ጠጋ ስትሉ ሽቦ ነው። ቀደም ሲል ደግሞ በክርና በልብስ ቁልፍ ይሠራ ነበር። ከአንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም እኮ ራሱ በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። የእሱን ሥራ ሳይ የሚመጣብኝ ሐሳብ አንድ ነው፦ እያንዳንዷን የኪቦርድ ቁልፍ የሆነ ሰው ጣት ነክቷታል። ያ ሰው ግን ማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። የእኔ ቤት ያለው ዕቃ ግን የማን እንደሆነ አሁንም ማወቅ ይቻላል፣ ጠይቄ ከደረስኩ።

ለመደርደሪያዬ ሐሳቡን ያገኘሁት ስድስት ኪሎ ነው። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የንጉሡን መኝታ ቤት ሊያይ የሚሄድበት ሰው ብዙ ነው፣ እኔን የያዘኝ ግን ተራው ዕቃ የተቀመጠበት ክፍል ነው። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔረሰብ ተከፋፍለው አይደለም፣ በሰው ዕድሜ ነው። ልጅነት፣ ከዚያ ጉልምስና፣ ከዚያ ሞት። ቤት ስገባ በመጠን ደርድሬ የነበረውን ሁሉ አወረድኩና በሰው በሰው አስቀመጥኩት። አንዱ መደርደሪያ የአያቴ፣ አንዱ የአባቴ፣ አንዱ ከሰፈራችን የተረፈው። ይህ ከሁሉም በላይ ቤቱን ለወጠው። አሁን ልጆች መጥተው «ይሄ ምንድነው?» አይሉም፣ «ይሄ የማን ነው?» ነው የሚሉት።

መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ያያችሁ ትረዱኛላችሁ። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ግድግዳው ሙሉ ፎቶግራፍ ነው፣ ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞችና ልብሶች አሉ። እዚያ አንድ ሹራብ ፊት ቆማችሁ ለረጅም ጊዜ አትንቀሳቀሱም። እናት የሠራችው ሹራብ ሊሆን ይችላል፣ ከገበያ የተገዛም ሊሆን ይችላል። ማንም ሰው እዚያ ፊት ቆሞ «አሮጌ ጨርቅ ነው» ሊል አይችልም።

ከሰፈር የተረፈው ያልኳችሁ ደግሞ የቤት ቁጥር ያለባት ቆርቆሮ ናት። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ ስንት ቤተሰብ ከግቢ ወጥቶ ኮንዶሚኒየም ገባ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ገበቴና ሙቀጫ የት ይቀመጣል? ሰው ተጨንቆ መረጠ፣ ብዙው ቀረ። እኔ የምላችሁ፣ ሙቀጫው ባይገባ የቤት ቁጥሯ ትገባለች፣ ቁልፉ ይገባል፣ የበሩ እጀታ ይገባል። ትንሽ ነገር ያዙ።

አንድ ደስ የማይለኝን ነገርም ልናገር። አሁን አሁን ካፌውም ባህል ቤቱም ግድግዳው ላይ ጋሻ፣ አገልግል፣ የድሮ ሬዲዮ፣ የጽሕፈት መኪና ይሰቅላል። ያምራል፣ ፎቶ ይነሡበታል። ግን አስተናጋጁን «የማን ነበር?» በሉት፣ ከገበያ ነው የተገዛው ይላችኋል። እባካችሁ፣ ስትገዙ ሻጩን ጠይቁት፣ ከየት ሰፈር እንደመጣ እንኳን ጽፋችሁ ስቀሉት። ብራና ወይም የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ካጋጠማችሁ ደግሞ ያ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ቅርስ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ውጭ ያላችሁ ወገኖች በተለይ፣ ስጦታ ብሎ የሰጣችሁ ሰው ቢኖርም እንኳ ጠይቁ።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ትንሽ ካርቶን ቆርጬ በክር አስርበታለሁ። የማን ነበር፣ የት ቤት ነበር፣ ምን ይሠራበት ነበር። በእርሳስ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም አክስቴ በመጣች ቁጥር ታርመዋለች፣ «ኧረ እሱን የገዛው አባትሽ አይደለም፣ አጎትሽ ነው ከድሬዳዋ ያመጣው» ትላለች፣ ከዚያ ስለ ድሬዳዋ ይነሣል፣ ስለ ባቡሩ ይነሣል፣ ቡና ይደገማል። ፎቶ ከሆነ ኮፒውን ነው የምሰቅለው፣ ዋናው ጨለማና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል፣ ፀሐይ የቀለም ፎቶን ትበላዋለች።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። አጎቴ ሱዳን ከገባ በኋላ ደብዳቤ መጻፍ ትቶ ድምፁን ቀርጾ ነበር የሚልከው፣ ያኔ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርግ ነበር። አንድ ካሴት አለኝ፣ ባለ 60 ደቂቃ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለእማማ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሌላ ሰው እንዳይቀዳበት ከላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ሰብሯቸዋል። በአሮጌ ቴፕ ላጫውተው አልደፈርኩም፣ ቴፑ ሊበላው ይችላል፣ ክሩም ደርቋል፣ ዕድሉ አንዴ ብቻ ሊሆን ይችላል። ክሩን የሚያነበው «ሄድ» በአልኮል የተጠረገ፣ ጎማው የታደሰ፣ በደንብ የሚሠራ ቴፕ ያላችሁና ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ የምትችሉ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ፣ ካሴቱን ራሴ ይዤ እመጣለሁ። አክስቴም አብራ መምጣት ትፈልጋለች። በሉ ደኅና ሁኑልኝ፣ በሚቀጥለው እንገናኝ።