ኮራሉን ማን አጠየመው?
(ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)

ውድ ተማሪዎች፣ ወላጆችና የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ኮራል ስለሚባል የባሕር እንስሳ ነው። ደሴ ተራራ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ማውራት ምን ይባላል የሚል አይጠፋም። ግን ከዚህ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ከወረዳችሁ አፋር ናችሁ። በደናክል ረባዳ፣ ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ገብቶ በነበረበት ዘመን የበቀሉ ኮራሎች ድንጋይ ሆነው ዛሬም ይታያሉ። ኮራል ለአገራችን ባዳ አይደለም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ታናሽ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ሳሎኑ ውስጥ የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ አለ፤ ኮራልም አለበት። መስታወቱን መወልወል የእሷ ሥራ ነው። አንድ ሰሞን ሐምራዊ የነበረው ኮራል እየጠየመ ሄዶ ቡናማ ሆነ። ማዳሟ «ምን ጨመርሽበት?» ብላ ያዘቻት። እህቴ ምንም አልጨመረችም። ማታ በኢሞ ደውላ እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔም የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ የኮራል ቀለም ከአንድ ቦታ አይመጣም። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሚሊዮን ያህል ናቸው። የኑሯቸው ነገር የእኛን አገር የእኩል እርሻ ይመስላል፤ ኮራሉ ቦታውን ይሰጣል፣ አልጌዎቹ በብርሃን ምግብ ያመርታሉ፣ ምርቱን ይካፈላሉ። እንዲያውም አብዛኛው ለኮራሉ ነው የሚሄደው። የእነዚህ አልጌዎች ቀለም ቡናማ ነው። ሐምራዊውን፣ ሮዙን፣ የሚያበራውን አረንጓዴ የሚሠራው ግን ራሱ ኮራሉ ነው፤ እነዚህ ቀለሞች ፕሮቲን ናቸው። ብዙዎቹ ኃይለኛ ብርሃን እንዳይጎዳው ይከላከሉለታል።

ስለዚህ «ኮራሉ ቀለሙን ለወጠ» ሲባል የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የተለወጠው የማን ቀለም ነው? የአልጌው ወይስ የኮራሉ?

ቡናማ ከሆነ ወይ አልጌው በዝቷል፣ ወይ ኮራሉ የራሱን ቀለም መሥራት ቀንሷል። አልጌ የሚበዛው ውሃው ውስጥ እንደ ማዳበሪያ የሚሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት ሲከማቹ ነው፤ እነሱም ከተረፈ የዓሣ ምግብና ከዓሣ ኩስ ይመጣሉ። ኮራሉ ቀለሙን የሚቀንሰው ደግሞ ብርሃን ሲደክምበት ነው። መከላከያው ካላስፈለገው ለምን ይለፋል? በተቃራኒው ውሃው ከመጠን በላይ ንጹሕ ሲሆን አልጌው ምግብ ያጣል፣ ኮራሉም ይገረጣል። ሙቀት ሲበረታበት ወይም ብርሃኑ በድንገት ሲጨምር ደግሞ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል። ያኔ ሥጋው መስታወት ስለሚመስል ከሥር ያለው ነጭ የኖራ አጽም ይታያል። ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ነገር ግን ተርቧል፤ ቶሎ ካልተደረሰለት ይሞታል።

ዓይንም ያታልላል። በሰማያዊ አምፖል ሥር አረንጓዴ የሚያበራ ኮራል በነጭ አምፖል ሥር ተራ ቡናማ ሊመስል ይችላል። የስልክ ካሜራ ደግሞ ይብስበታል። ለዚህ ነው እህቴን «በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መብራት ፎቶ አንሺልኝ» ያልኳት።

ፎቶዎቹን ደርድረን ስናይ ለውጡ እውነት ነበር። ከዚያ ጠየቅኳት። ዓሣዎቹን ማን ያበላል? እሷ በልክ ታበላለች፤ ማታ ማታ ግን የቤቱ ልጆች በእፍኝ ይጨምራሉ። መብራቱስ? የአምፖሉ ሽፋን ላይ ጨው ጋግሯል። ውሃው በመመርመሪያ ሲታይ ናይትሬቱ በሊትር ከ40 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። ብዙ የኮራል አሳዳጊዎች ከ10 በታች ይመርጣሉ።

እዚህ ላይ ሰው የሚቸኩልበት ነገር አለ። አምፖል ይቀይራል፣ መድኃኒት ይጨምራል፣ ውሃውን በአንድ ቀን ይገለብጣል። ኮራል ግን ለዛሬ ለውጥ መልስ የሚሰጠው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሁሉም በአንዴ ከተነካ የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ ማን ይለያል? ጨው የጋገረበት አምፖል ድንገት ሲጸዳ እንኳ ብርሃኑ ኮራሉን ሊያስደነግጠው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የልጆቹን እፍኝ አስቆምን፤ ውሃውም በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ተቀየረ። ናይትሬቱ ከወረደ በኋላ አምፖሉ ጸዳ፤ መብራቱ የሚቆይበት ሰዓትም ለጊዜው አጠር ተደረገ።

ሐምራዊው ከጫፍ ጀምሮ ተመለሰ። ከጎኑ ያለው ሌላው ኮራል ቡናማ እንደሆነ ቀረ፤ ግን ያድጋል፣ ማታ ማታም እጆቹን ይዘረጋል። ቡናማ መሆን በራሱ በሽታ አይደለም። ስለ ገንዳው አሁን ቤቱ ውስጥ ቀድማ የምትጠየቀው እህቴ ናት። በዚህ በጣም ደስ ይለኛል።

በባሕሩ ላይ ያለው ግን እንዲህ በቀላሉ አይስተካከልም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ሳይንቲስቶች አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱን አስታውቀዋል። ምክንያቱ የባሕሩ መሞቅ ነው። የባሕር አምፖል አይቀየርም፤ የምንቀንሰው ወደ አየር የምንለቀውን ጭስ ነው። እናንተ ውስጥ ይህን የሚያጠና ልጅ እንዲወጣ ከልቤ እመኛለሁ፤ ባሕር ዳርቻ መወለድ ግዴታ አይደለም።

አሁን እህቴ የላከቻቸውን ፎቶዎች በተርታ አሳያችኋለሁ። በእያንዳንዱ ላይ የተለወጠው የአልጌው ቀለም ነው ወይስ የኮራሉ፣ እናንተ ንገሩኝ። ኋላ ያላችሁ፣ መጋረጃውን ዝጉልን።