ምንጣፉ ሲነሣ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ቡና ይዛችሁ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጨዋታው ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል።

1988 ዓ.ም. ነው። 12 ዓመቴ ነበር። አንድ እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ አጎቴ እጄን ይዞ በዓታ ወሰደኝ። ታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም፣ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለችው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል፣ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። አጎቴ ወደ አንድ ቄስ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ሹክ አላቸው። ቄሱ እኔን አየት አደረጉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ምንጣፉን ይጠቀልሉ ጀመር።

ምንጣፉን የሚያነሡት ሊያራግፉት መስሎኝ ነበር። ከሥሩ ግን የብረት ክዳን አለ። ክዳኑ ሲነሣ ደረጃ ታየ፣ ወደ ታች የሚወርድ።

«ውረጂ ልጄ፣ አትፍሪ» አሉኝ።

ወረድኩ። ታች የእምነበረድ መቃብሮች አሉ። ዐፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱ፣ ንግሥት ዘውዲቱ። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ የማውቃቸው ሰዎች፣ እጄን ብዘረጋ የምነካቸው ቦታ ላይ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ በጭንቅላቴ ይዞር ነበር፦ ቅድም እኮ ከላያቸው ቆሜ ነበር። ምንጣፉ ላይ። ምንም ሳላውቅ።

የበዓታ ታሪክ ራሱ ድብቅ ነገር ይወዳል። ምኒልክ ያረፉት በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ነው። ሞታቸው ግን ለረጅም ጊዜ በይፋ አልተነገረም። አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ቆየ። ኋላ ልጃቸው ዘውዲቱ ነግሠው ይህችን ቤተ ክርስቲያን አሠሩላቸው። ደግሞ ሌላ አለ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አፅም በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከተቀበረበት ወጣ። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር እስካረፈበት እስከ ጥቅምት 1993 ዓ.ም. ድረስ የቆየው የት መሰላችሁ? እዚያው በዓታ። እኔ በባዶ እግሬ ደረጃውን ስወርድ የጃንሆይ አፅም እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ባወቅኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ የተዘጋ በር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። ትልልቅ ሕንፃዎች ስገባ ወለሉን አያለሁ። «ከዚህ በታች ምን አለ?» እላለሁ። ሰዎች ስለ ታዋቂ ቦታዎች ምስጢር ሲያወሩ ጆሮዬ ይቆማል። ለብዙ ዓመታትም ሁሉም በር መከፈት አለበት ብዬ አምን ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ይህን ነው።

አክሱም የሄድኩት በ2003 ዓ.ም. ነበር። ከሮም የተመለሰው ሐውልት ቆሞ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ታስታውሱ እንደሆነ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ገባ፣ ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቆሞ ተመረቀ። 24 ሜትር ነው። ከሥሩ ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። መስኮት፣ ከመስኮት በላይ መስኮት፣ ፎቅ በፎቅ ላይ። ታች ደግሞ በር አለው። የእንጨቱ ማገር ሳይቀር በድንጋይ ተቀርጿል። ብትገፉት የሚከፈት ይመስላል። ግን ድንጋይ ነው፣ ድፍን። ከጀርባው ክፍል የለም።

አጠገቡ የወደቀው ትልቁ ሐውልት አለ። 33 ሜትር ነው። 13 ፎቅ ተቀርጾበታል። አንድ ወጥ ድንጋይ ነው፣ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ ይገመታል። መሬት ላይ ተሰባብሮ ተኝቷል። እሱም በር አለው። በዚያ ሜዳ ላይ ስትቆሙ የማይከፈቱ በሮች ከበዋችሁ ነው የምትቆሙት።

እውነተኞቹ ክፍሎች የት ናቸው? ከእግራችሁ በታች።

አስጎብኚያችን ጠና ያሉ ሰው ነበሩ፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ወደ ወደቀው ሐውልት አጠገብ ወሰዱንና በደረጃ ወደ መቃብሩ አወረዱን። መተላለፊያ አለ። ግራና ቀኙ አምስት አምስት፣ በጠቅላላው 10 ክፍል። ጣሪያው ትልልቅ የድንጋይ ጠፍጣፋ ነው። መግቢያው ላይ ስደርስ ቆምኩ። በሩን አውቀዋለሁ! ላይ ሐውልቱ ላይ ያየሁት በር ነው፣ ያው ቅርጽ፣ ያው አጣና። የላይኛው አይከፈትም። የታችኛው ግን ክፍት ነበር፣ ገባሁበት።

ይህን ስነግራችሁ አሁንም ይሰማኛል። ሐውልቱ ዝም ብሎ ጌጥ አልነበረም። ከታች ላለው ቤት ምልክት ነበር። «ቤቱ እዚህ ነው፣ በሩ ይህን ይመስላል» ብሎ የሚናገር ድንጋይ። ከዚያ ሰዉ ረሳ። ጎርፍ አፈር አመጣ፣ አፈሩ ደረጃውን ሞላው፣ ሣር በቀለበት። ከብት ጋጠበት፣ ገበያተኛ ተሻገረው። ስንት መቶ ዓመት!

የተገኘው በ1966 ዓ.ም. ነው። ኔቪል ቺቲክ የሚባል እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት ይቆፍር ነበር። በዚያ ቁፋሮ ሌላም መቃብር ወጣ፣ የጡብ ቅስቶች ያሉት። ቅስቶቹ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ አላቸው፣ በተተኮሰ ጡብ የተሠሩ። ከዚያ አብዮት ፈነዳ። ቁፋሮው ቆመ። ቺቲክ ተመልሶ ሥራውን ሳይጨርስ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞተ። ሌላው እንግሊዛዊ፣ ዴቪድ ፊሊፕሰን፣ ቡድኑን ይዞ የመጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ። ለሺህ ዓመት የተረሳ ነገር፣ ተገኝቶ እንደገና ጠበቀ። በጡቡ መቃብር ውስጥ የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ አገኙ። የወይን ሐረግ፣ በሐረጉ መሀል እንስሳት። ሌቦች በጥንት ጊዜ ገብተው ብዙውን ወስደዋል። የዝሆን ጥርሱ ግን ተርፏል።

ያላለቀም አለ። ከሮም የመጣውን ሐውልት ለመትከል መሬቱ ሲፈተሽ፣ እዚያው አካባቢ ከመሬት በታች ሌሎች ክፍሎች እንዳሉ ታየ። ሐውልቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ የቤቱን ሌሎች ክፍሎች አሳየን ማለት ነው። እንዲህ ነው የገባኝ።

አስጎብኚያችን ወደ ካሌብና ገብረ መስቀል መቃብርም ወሰዱን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃ፣ ያለ ምንም ማጣበቂያ ተገጣጥመዋል። ከውስጡ የሚነሣ መንገድ ቀይ ባሕር ድረስ ይወስዳል ይባላል። ያገሬው ሰው ትውልድ ለትውልድ ያወራዋል። እኔ ወሬውን ወደድኩት። ያ ሁሉ ርቀት! ከባሕሩ ጋር ተለያይተው መኖር ያልቻሉ ሰዎች ያወሩት ወሬ ይመስለኛል።

ከኢትዮጵያ ወጥቼ አንድ ቦታ ብቻ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከጭንቅላቴ አይወጣም። ፍሎረንስ፣ ጣሊያን። ከተማዋን ይገዛ የነበረው የሜዲቺ ቤተሰብ መቃብር ያለበት፣ ሠዓሊው ማይክል አንጄሎ ራሱ የሠራው ጸሎት ቤት አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 የሙዚየሙ ኃላፊ ለጎብኚዎች ሌላ መውጫ በር ይፈልግ ነበር። አንድ ጎን ባለ ክፍል ውስጥ ቁምሳጥን ቆሟል። ቁምሳጥኑ ሲነሣ ወለሉ ላይ ክዳን አለ። ይኸው እንደኔ በዓታ! ከታች ጠባብ ክፍል ተገኘ። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር ብቻ። ድሮ ከሰል ይቀመጥበት ነበር። ከግድግዳው ላይ ልስኑን ፋቅ ሲያደርጉት ሥዕል ወጣ። በከሰል የተሣለ፣ እግር፣ ፊት፣ ገላ። ማይክል አንጄሎ እ.ኤ.አ. በ1530 ተደብቆበት ሳለ የሣላቸው ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ከተማው ሜዲቺዎችን ሲዋጋ ምሽጉን ያሠራው እሱ ነበር። ከተማው ሲሸነፍ ነፍሱን ይዞ ጠፋ። ሥዕሎቹ ሁሉ የሱ ናቸው ወይ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አይስማሙም። ክፍሉ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው፣ በአንድ ጊዜ 4 ሰው፣ ለ15 ደቂቃ። ብርሃን ሥዕሉን እንዳይጎዳው ነው።

የአክሱሙ መቃብርና የፍሎረንሱ ክፍል አንድ ናቸው። ሁለቱም የተረሱ ናቸው። የሚያስታውሳቸው ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ በር ሲከፈት ደስ ይለኛል፣ ከልቤ። መከፈትም አለበት።

ላሊበላ ስሄድ ግን ሌላ ነገር ገጠመኝ።

በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና በቤተ መርቆሬዎስ መካከል ጨለማ ዋሻ አለ። የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል። ያለ መብራት ነው የሚታለፈው፣ እጅን ግድግዳ ላይ አድርጎ። ስልኬን አጠፋሁ፣ ገባሁ። ከፊቴ ያሉት እናት መዝሙረ ዳዊት ይደግማሉ። እኔ ድምፃቸውን ነው የተከተልኩት። ያንን ጨለማ ማንም ሊያበራው አልፈለገም፣ እኔም አልፈለግኩም።

ቤተ ማርያም ውስጥ ደግሞ አንድ ዓምድ አለ። ዓምደ ብርሃን ይሉታል። ከላይ እስከ ታች በጨርቅ ተጠቅልሏል። ያለፈውም የሚመጣውም ተጽፎበታል ይላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ መሀል ነው ያለው፣ ሁሉም ሰው ያየዋል። የሚያየው ግን ጨርቁን ነው። አጠገቡ ቆሜ ጨርቁን ለመግለጥ ትንሽ እንኳ አልፈለግኩም። እኔ፣ ወለል ስቆጥር ያደግኩት ሴት! በራሴ ተገረምኩ።

ቤተ ጎልጎታ በር ላይም ቆምኩ። ሴት አይገባም። የቅዱስ ላሊበላ መቃብር ያለው እዚያ ነው ይባላል። ከዚያም ወደ ውስጥ የሥላሴ ክፍል አለ፣ ካህናቱም ሁልጊዜ የማይገቡበት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከበሩ መመለስ ከብዶኛል። ወንዶቹ ገብተው ሲወጡ ፊታቸውን አይ ነበር። ግን በሩ ላይ ጠባቂ አለ። በሩ መቼ እንደሚከፈት፣ ለማን እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው አለ። ውስጡ ይጠረጋል፣ ይታጠናል፣ ይጸለይበታል። አልተረሳም።

እዚያ ነው ልዩነቱ የገባኝ። የተረሳ ክፍልና የተጠበቀ ክፍል አንድ አይደሉም። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ዝግ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኖቻችንን ቅርጽ ራሱ አስቡት፤ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። መቅደሱ መሀል ላይ ነው፣ በመጋረጃ። ከልጅነታችን ጀምሮ የማንገባበትን ክፍል ዙሪያውን ከበን ስንጸልይ ነው የኖርነው።

ቤትም እንደዚያው ነው። አያቴ ጓዳ ነበራት። ጉለሌ፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከኋላ ጓዳ። በሩ ላይ የአበባ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ጋኑ፣ እንስራው፣ የቅቤው ቅል፣ የበርበሬው ሽታ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ለፋሲካ የተቀመጠው ስኳርም። «ሚጡ፣ ጓዳ እንዳትገቢ!» ትለኛለች። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ትገባለች፣ ባዶ እጇን አትወጣም። የሌላትም ቀን እንደዚያው። አሁን ሳስበው ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ስንት ቀን ባዶ ሌማት ይዛ እንደቆመች አላውቅም። ጓዳ ገመና ነው። እሷ ጠበቀችው።

አያቴ ያረፈችው አምና ነው። አርባዋ ካለፈ በኋላ አክስቴ ደወለችልኝ። ቤቱ ሊለቀቅ ነው፣ ዕቃው መለየት አለበት። ሄድኩ። አክስቴ ቀድማኝ ጓዳ ገብታለች፣ ጋኑን ስትገፋ ይሰማኛል። እኔ መጋረጃው ጋ ደርሼ ቆምኩ። 41 ዓመቴ ነው። ግቢ ያለችኝ የለም፣ አትግቢ ያለችኝም የለም። ጠባቂዋ የለችም። አሁን ካልገባሁበት በቃ፣ የሚያስታውሰው አይኖርም።

«ምነው ቆምሽ? ግቢ እንጂ» አለችኝ አክስቴ ከውስጥ።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ።