ፊት ላይ የጠፋ ስሜት

ክቡራትና ክቡራን፣ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ያዘነን ሰው «ቻለው» እንላለን። የፈራን ልጅ «ወንድ ልጅ አይፈራም» እንለዋለን። በንዴት የበገነውን ደግሞ «ዋጥ አድርጋት» ብለን እንመክራለን። ክፋት የለንም፤ የምንወደው ሰው እንዲበረታ ፈልገን ነው። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስሜት ፊት ላይ ስላልታየ ብቻ ከሰውነት ወጥቶ አይሄድም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት ይህንኑ አሳይተዋል። ለተሳታፊዎቹ የሚያስጸይፍ ፊልም አሳዩ። ገሚሶቹን ስሜታችሁ እንዳይታወቅ አሏቸው። እነሱም ፊታቸውን መቆጣጠር ቻሉ። የተሰማቸው መጸየፍ ግን ከሌሎቹ አላነሰም። ይባስ ብሎ ሰውነትን ለአደጋ የሚያዘጋጀው የነርቭ ሥርዓት እነሱ ላይ ይበልጥ ሲሠራ ታየ። ስሜትን መደበቅ ራሱ ሥራ ነው። ጉልበት ይበላል።

ይበልጥ የነካኝ ግን ተመራማሪዋ ኤሚሊ በትለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ነው። የማይተዋወቁ ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚረብሽ ጉዳይ አወሩ። በአንዳንዶቹ ጥንዶች ከሁለቱ አንዷ ስሜቷን እንድትደብቅ ተነግሯታል። ጨዋታው አልሰምር አለ። የሚገርመው፣ በዚያኛዋ ምንም ባልተነገራት ሴት ላይም የደም ግፊቱ ጨመረ! አንዱ ያፈነው ነገር አጠገቡ ያለው ሰው ሰውነት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ቤት ውስጥ «ምንም አልሆንኩም» እያሉ ፊታቸውን የሚዘጉ ወላጆች ያሉት ልጅ ይህን ሳይነገረው የሚያውቀው ይመስለኛል።

ታዲያ ይፈንዳ? በፍጹም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የተመራማሪው ብራድ ቡሽማን ሙከራ አለ። ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡት ይብሱኑ ተናደዱ። ምንም ሳያደርጉ የቆዩት ይሻሉ ነበር። «ይውጣልህ» የሚለውም ምክር እንግዲህ አያዋጣም።

የሚያዋጣው ቀለል ያለ ነው፤ ስሜቱን በስሙ መጥራት። ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት የተቆጡና የፈሩ ፊቶችን እያሳዩ የሰዎችን አንጎል ሥራውን በሚያሳይ መሣሪያ፣ በኤምአርአይ፣ ተከታተሉ። ተሳታፊዎቹ ለፊቱ ስሜት የሚስማማውን ቃል ሲመርጡ፣ አደጋ ሲሸተው ቶሎ የሚነቃው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ረገብ አለ። ከግንባር በስተጀርባ ያለ ሌላ የአንጎል ክፍል ደግሞ ሥራውን ጨመረ። ቃል ሐዘንን ያጠፋል እያልኩ አይደለም። ለማሰብ የሚሆን ፋታ ግን ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ወላጆችንና አስተማሪዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ። የሚያለቅስ ልጅ ሲገጥማችሁ «ዝም በል» ከማለታችሁ በፊት «ፈርተህ ነው? ተናደህ ነው? ወይስ አፍረህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ጠብቁ። ባይመልስም አትቸኩሉበት፤ የሚገልጽበት ቃል ገና አላገኘ ይሆናል። አዋቂዎችንም እንዲሁ ጠይቋቸው፤ በተለይ ሁሌ «ደህና ነኝ» የሚሉትን።

አመሰግናለሁ።